የቦርጉንድ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እንዴት ቆመ?

በምዕራብ ኖርዌይ፣ ላርዳል በሚባል ሸለቆ ውስጥ፣ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ተቀራርበው ቆመዋል። አንዱ በ1868 የተሠራ ነው። አምልኮ የሚካሄደው እሱ ውስጥ ነው፤ እንደማንኛውም የሀገሩ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲያዩት ዐይን አይዝም። ሌላው ጥቁር ነው፤ ጣራው በጣራ ላይ ተደራርቦ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጫፎቹ ላይ የዘንዶ ራሶች አፋቸውን ከፍተው ወደ ሸለቆው ያያሉ። ጎብኚው ሁሉ ለአዲሱ ጀርባውን ሰጥቶ አሮጌውን ፎቶ ያነሣል። እኔ ግን ለአዲሱም አዝንለታለሁ። እሱ እዚያ ጎን ባይሠራ ኖሮ ጥቁሩ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ባልተገኘ ነበርና። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ዞር ማለት ይጠይቃል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአሮጌው ስም የቦርጉንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሐዋርያው በእንድርያስ ስም ተሰይሟል። የተሠራበት እንጨት የተቆረጠው በ1180 እና በ1181 መካከል በነበረው የብርድ ወራት ነው። ይህን ያህል አጥብቦ መናገር የሚቻለው ዛፍ የራሱን ዕድሜ መዝግቦ ስለሚይዝ ነው። ቅዝቃዜና ሙቀት በሚፈራረቁበት ሀገር ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዓመቱ ከተመቸው ቀለበቱ ይሰፋል፤ ከከፋበት ይጠብባል። በአንድ አካባቢ የበቀሉ ዛፎች የሚቀምሱት አንድ ዓይነት አየር ስለሆነ የሰፊና የጠባብ ቀለበቶቻቸው ቅደም ተከተል ይመሳሰላል። ባለሙያዎች በሕይወት ካለ ዛፍ ተነሥተው፣ ወደ አሮጌ ቤት ምሰሶ፣ ከዚያም ወደ ባሰ አሮጌ ግንድ እየተሻገሩ፣ ይህን ቅደም ተከተል መቶ ዓመታትን ወደ ኋላ ቀጥለውታል። ከዚያ የአንድን ምሰሶ ቀለበቶች ከዚህ ረጅም መዝገብ ጋር ያስተያያሉ። ከልጣጩ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካልተነካ ደግሞ ዛፉ የወደቀበት ዓመት ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ይታወቃል። ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከየትኛውም ብራና ይልቅ የታመነው ምስክር እንጨቱ ራሱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት ያልነካ ምሰሶ

እንዲህ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ኖርዌያውያን «ስታቭሺርከ» ይሏቸዋል። «ስታቭ» ቋሚ ምሰሶ ማለት ነው። ስሙ የአሠራሩ ቁልፍ ነው፦ ሕንፃውን የሚሸከሙት በየማዕዘኑና በመካከል የቆሙት ምሰሶዎች እንጂ ግድግዳው አይደለም።

ከእነዚህ በፊት የነበሩት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ምሰሶዎቻቸውን በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይተክሉ ነበር። ውጤቱን የጭቃ ቤት ሠርቶ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቋሚ እንጨት የሚበሰብሰው ጫፉ ላይ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ አፈር የዋጠው ታችኛው ክፍልም እንደዚያ ቶሎ አይጎዳም። የሚበላው አየርና እርጥብ አፈር የሚገናኙበት ቁርጭምጭሚቱ ነው። እነዚያ የጥንቶቹ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ በሁለት ትውልድ እግራቸው ከዳቸው። ዛሬ ከእነሱ የተረፈው በቁፋሮ የሚገኝ የጉድጓድ ዱካ ነው።

የቦርጉንድ ሠሪዎች ያደረጉት ለውጥ ሲነገር ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ድንጋይ ደረደሩ። በድንጋዩ ላይ አራት ወፋፍራም ግንዶች አጋደሙ፤ ሁለቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሁለቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚሻገሩ። ጫፎቻቸው ከመሻገሪያው አልፈው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ረጃጅሞቹ የመካከል ምሰሶዎች የቆሙት በግንዶቹ ላይ ነው፤ ወደ ውጭ የወጡት ጫፎች ደግሞ የውጪውን ግድግዳ መቀመጫ ተሸከሙ። አንድም ምሰሶ አፈር አይነካም። ከታች አየር ይገባል፣ ርጥበቱ ይደርቃል።

ግድግዳው ከቁመት የተቀመጡ ወፍራም ጣውላዎች ነው። አንዱ ጣውላ ጠርዙ ላይ ምላስ አለው፣ ሌላው ጎድጓዳ፤ ምላሱ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል። ከታችም ከላይም አግዳሚው ግንድ ተቦርቡሮ ጣውላዎቹን ይዟቸዋል። ማያያዣው በአብዛኛው የእንጨት ችንካር ነው። ብረት ውድ ነበር፤ ደግሞም ብረት ሲዝግ ያበጣል፣ በዙሪያው ያለውን እንጨትም ይጎዳል። እንጨት በእንጨት ሲያያዝ ግን ሁለቱም አብረው ያብጣሉ፣ አብረው ይሸበሸባሉ።

ምሰሶዎቹ ወደ ጎን እንዳይዘምሙ ደግሞ በመካከላቸው በኤክስ ቅርጽ የተጠላለፉ እንጨቶች ገብተዋል። ይህን ቅርጽ የሥነ ሕንፃ ሰዎች «የእንድርያስ መስቀል» ይሉታል፤ ሐዋርያው በእንዲህ ያለ መስቀል ተሰቀለ ከሚለው ትውፊት የመጣ ስያሜ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእንድርያስ ስም መሰየሙና በእንድርያስ መስቀል መታሰሩ ግጥምጥሞሽ ነው፤ በሌሎች ቅዱሳን ስም በተሰየሙትም ውስጥ ይኸው ቅርጽ አለና። ግን ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ በማዕዘኖቹ ያሉት ጎባጣ ደጋፊዎች ናቸው። ቀጥ ያለ እንጨት ወደ ቀስት ቅርጽ ቢጠረብ የእንጨቱ ጭረት ይቆረጣል፣ ጉልበቱም ያልቃል። ስለዚህ አናጢዎቹ ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችውን ፈለጉ፤ ግንዱ ወደ ሥር የሚታጠፍበትን ቦታ። ዛፉን ቆርጠው ብቻ አልሄዱም፣ ቆፍረው ከነሥሩ አወጡት። እዚያ መታጠፊያ ላይ የእንጨቱ ጭረት አብሮ ስለሚዞር ደጋፊው ከቀጥተኛ ግንድ ያልተናነሰ ጥንካሬ ይኖረዋል። ሕንፃው እንዲህ ስለተያያዘ ነፋስ ሲመታው ግትር ብሎ አይጋፈጥም፤ ትንሽ ይሰጣል፣ መልሶም ቦታው ላይ ይቀመጣል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ አንዳንዶች «የጥድ እንጨት» ሲሉት እሰማለሁ፤ የእኛን ሀገር ጥድ ለሚያውቅ ግን ያሳስታል። ይህ «ፓይን» የሚባለው፣ ረጅም መርፌ ቅጠል ያለውና ሙጫው የበዛ ዛፍ ነው። ለምሰሶ የሚመረጠው ቀስ ብሎ ያደገው ነው፤ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው የሰፈሩበት፣ ቀላ ያለው የልቡ ክፍል ወፍራም የሆነ። ዳር ዳሩ ያለው ነጩ ክፍል ለነቀዝም ለብስባሽም ይመቻል፤ ልቡ ግን በሙጫ የራሰ ስለሆነ ሁለቱንም ይቋቋማል።

ከውጭ ዙሪያውን የሚያቅፍ ዝቅተኛ በረንዳ አለ። ስለዚህ በረንዳ ብዙ ይወራል፤ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ከዚያ ሆነው ጸሎት ይሰሙ ነበር ይባላል፣ ወንዶች መሣሪያቸውን ያስቀምጡበት ነበርም ይባላል። በሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች የቤተ ክርስቲያን መግቢያ ክፍል «የመሣሪያ ቤት» እየተባለ መጠራቱ ለሁለተኛው ወሬ መነሻ ሆኖታል። ሕንፃውን ሲያዩት ግን የበረንዳው ዋና ሥራ ግልጽ ነው፤ ዝናብና በረዶ የግድግዳውን እግርና የተጋደሙትን ግንዶች እንዳይመታ ይከላከላል። የተደራረበው ጣራም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው እየወረደ ከሕንፃው አካል ርቆ ይፈስሳል። ውበቱ የመጣው ከጥንቃቄው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዘንዶውና የአንድ መንገደኛ ጽሑፍ

ጎብኚዎች የዘንዶ ራሶቹን ሲያዩ «የቫይኪንግ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ይቀናቸዋል፤ ቫይኪንጎች ክርስትና ከመስፋፋቱ በፊት በመርከብ እየዘመቱ የታወቁት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ናቸው። የዘመን ስሌቱ ግን አይገጥምም። ኖርዌይን ወደ ክርስትና በመመለስ ስሙ የሚነሣው ንጉሥ ኦላቭ ሐራልድሶን ስቲክለስታድ በተባለ ቦታ በጦርነት የሞተው በ1030 ነው፤ በኋላም ቅዱስ ተብሎ ሐምሌ 29 ቀን በዓሉ ሆነ። የቦርጉንድ ምሰሶዎች ሲቆረጡ ይህ ሁሉ ከሆነ 150 ዓመት አልፎታል። ያሠሩት ሰዎች አያቶቻቸውም ክርስቲያኖች ነበሩ። በምዕራቡ በር ዙሪያ በተቀረጸው ሐረግ ውስጥ የሚጠላለፉት ዘንዶዎች በወቅቱ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተለመዱ ነበሩ። ልዩነቱ ኖርዌያውያን ለዘመናት እንጨት ሲጠርቡ ያዳበሩት እጅ በእነሱ ላይ መታየቱ ነው። መርከብ የሚሠራ እጅ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ መርከብ መርከብ ቢሸት አይገርምም።

በግድግዳው ላይ በሩን ፊደል፣ ማለት በሰሜን አውሮፓ ከላቲን ፊደል በፊት በነበረውና እንጨት ላይ ለመጫር በሚመቸው ቀጥ ቀጥ ያለ ፊደል፣ የተጫሩ ጽሑፎች አሉ። አንዱ «ሰላም ለኪ ማርያም» የሚል የላቲን ጸሎት ነው። ሌላው ደግሞ ቶሪር የሚባል ሰው፣ በኦላቭ በዓል ዋዜማ፣ በዚህ ሲያልፍ ፊደሎቹን እንደጻፈ ይናገራል። ስለ ቶሪር ከዚህ ውጭ የተረፈ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ከተማ አውቶቡስ መቀመጫ ጀርባ ላይ «እገሌ እዚህ ነበር» ብሎ ከሚጽፈው ወጣት በምን እንደሚለይ አይገባኝም፤ ምናልባት የበዓሉን ቀን በመጥቀሱ።

ቶሪር «በዚህ ሲያልፍ» ማለቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ላርዳል ከምሥራቅ ኖርዌይ ወደ ምዕራቡ የባሕር ዳርቻ የሚያሻግረው፣ ፊለፊየል የሚባለውን ተራራ የሚያቋርጠው ጥንታዊ መንገድ ያለበት ሸለቆ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ኦስሎን ከበርገን የሚያገናኘው «የንጉሥ መንገድ» በዚሁ አለፈ። ቤተ ክርስቲያኑ የገጠር ደብር ነበር፤ የገጠር ይሁን እንጂ የተደበቀ አልነበረም። ይህ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ይጠቅመዋል።

ማን ይጠግነዋል?

በመካከለኛው ዘመን ኖርዌይ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እንደነበሯት ይገመታል። ዛሬ የቀሩት 28 ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ ሶግን (ቦርጉንድ ያለበት አካባቢ)፣ ቫልድረስ፣ ኑመዳልና ቴሌማርክ ባሉ ወደ ውስጥ በገቡ ሸለቆዎች ይገኛሉ። ስዊድን ውስጥ አንድ አለ፣ ሔዳሬድ የሚባል፣ በ1500 ገደማ የተሠራ። ሌሎቹ የት ገቡ? ብዙ ሰው «ተቃጠሉ» ይላል፤ የተቃጠሉም አሉ። ታሪኩን ስከታተል ግን ከእሳት ይልቅ ሕግና ገንዘብ ብዙ አፍርሰዋል ወደሚል ድምዳሜ ነው የምደርሰው።

መጀመሪያ የነበረው ሕግ አዳኝ ነበር። ሶግንን ጨምሮ ምዕራብ ኖርዌይን ያስተዳድር የነበረው የጉላቲንግ ሕግ የቤተ ክርስቲያን ጥገናን በገበሬው ላይ ግዴታ አድርጎ ጥሎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቢሰበርና የማዕዘን ምሰሶዎቹ ቢወድቁ፣ በ12 ወር ውስጥ አዲስ እንጨት ቦታው ላይ እንዲደርስ ያዛል፤ ይህ ካልሆነ ቅጣቱ ለጳጳሱ ይከፈላል። ሕጉ ጣራ ወይም ግድግዳ ሳይል የማዕዘን ምሰሶ ማለቱን ልብ ይበሉ። የሕጉ ጸሐፊዎች ሕንፃው ምን ላይ እንደቆመ ያውቁ ነበር።

ከዚያ በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ፣ ጥቁሩ ሞት፣ ኖርዌይ ደረሰ። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ጨረሰ። እርሻዎች ጾም አደሩ፣ መንደሮች ባዶ ቀሩ፣ አጥቢያዎች እየተጨፈለቁ አንድ ሆኑ። ሰው የሌለበት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚጠግንለት የለውም፤ ጣራው ካፈሰሰ ደግሞ ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሕዝቡ ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረው ቁጥር የተመለሰው ከብዙ ትውልድ በኋላ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ አዲስ መሥራትም አላስፈለገም፤ የተረፉት ለተረፈው ሕዝብ በቂ ነበሩ። ቦርጉንድ ከተረፉት አንዱ ነው።

በ1537 የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ኖርዌይን ወደ ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን አዛወራት። ሕንፃው ያው ነው፣ አገልግሎቱ ግን ተለወጠ። በቀደመው ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ነበር። ብርሃን የሚገባው ከላይ ባሉት ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሻማ ነው፤ ሰዉ ቆሞ ያስቀድሳል፣ በግድግዳው ዙሪያ ካለው መደብ በቀር መቀመጫ የለም። በሉተራውያን ዘንድ ግን የአምልኮው እምብርት ስብከት ነው። ስብከት ለሚያዳምጥ መቀመጫ፣ መዝሙር ለሚያነብ ብርሃን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የስብከት ሰገነት ገባ፤ በቦርጉንድ ያለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፣ ግድግዳው ተቀዶ መስኮት ወጣለት። የመሠዊያው ሥዕል፣ መካከሉ ላይ ስቅለቱን የያዘው፣ በ1654 ተጨመረ።

ከዚያ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ንጉሥ ፍሬደሪክ አራተኛ ከስዊድን ጋር ሲዋጋ ቆይቶ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ በ1723 የኖርዌይን አብያተ ክርስቲያናት ለግለሰቦች መሸጥ ጀመረ። አዎ፣ መሸጥ። የገዛው ሰው ለሕንፃው የተመደበውን የአሥራት ድርሻ ይሰበስባል፣ በምላሹ ሕንፃውን የመጠገን ግዴታ አለበት። ሒሳቡን ማንም ይረዳዋል፦ ገቢው የታወቀ ከሆነ ትርፉ የሚበዛው ለጥገና የሚወጣው ሲያንስ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ጥገናው ከስሙ አላለፈም። ሆኖም ይህ ክፉ አሠራር ሳያስበው አንድ ጥቅም የሰጠ ይመስለኛል። ለጥገና የሰሰተ ባለቤት አሮጌውን አፍርሶ በገንዘቡ አዲስ አይሠራም። ጣራው ላይ አንድ ሰሌዳ ደርቦ ያልፋል እንጂ።

ሦስት አሥረኛው

ትልቁ መዓት የመጣው ከበጎ ሐሳብ ነው። በ1801 ኖርዌይ 883,000 ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ1865 ይህ ቁጥር 1.7 ሚሊዮን ደረሰ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በተለኩበት ልክ ነበሩ። በበዓል ቀን ምእመኑ ውጭ ይቆማል፣ ውስጥ ያለው ይጨናነቃል። የ1851 የቤተ ክርስቲያን ሕግ መፍትሔ ያለውን አመጣ፦ እያንዳንዱ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከአጥቢያው ነዋሪ ሦስት አሥረኛውን የሚይዝ ስፋት ይኑረው።

1,000 ሰው ባለበት አጥቢያ ይህ ማለት 300 ሰው ማለት ነው። በምሰሶዎች የተከፈለው የቦርጉንድ ዓይነት ትንሽ አዳራሽ ደግሞ ይህን ሊይዝ አይችልም። ማስፋትም ከባድ ነው። በግንብ ቤት ላይ ክፍል ይጨመራል፤ በአግድም ግንድ በተሠራ ቤትም እንዲሁ። እዚህ ግን ሁሉ ነገር በአራቱ ግንዶች ማዕቀፍ ላይ ስለተቆላለፈ አንዱን ጎን መክፈት አጥንቱን መስበር ነው። ያደረጉት አጥቢያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሕንፃዎች ከውጭ ሲያዩዋቸው የመካከለኛው ዘመን ሥራ እንደሆኑ የሚያስታውቅ ነገር የላቸውም፤ አሮጌዎቹ ምሰሶዎች ውስጥ ተደብቀው ቀርተዋል። ሌሎቹ አጥቢያዎች ግን አጭሩን መንገድ መረጡ፦ አፍርሶ፣ እንጨቱን ሸጦ፣ አዲስ መሥራት።

አፍራሾቹን መኮነን ይቀላል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳነብ ተበሳጭቼ ነበር። ነገር ግን ስድስት ወር ብርድ ባለበት ሀገር፣ ምድጃ በሌለው ጨለማ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ስብከት የሚያዳምጥ ገበሬ «ቅርስ ነው፣ ጠብቀው» ቢሉት ምን ይል ነበር? ለእሱ ያረጀ፣ ጠባብ፣ የሚያፈስ ቤት ነው።

የገበሬውን ያህል ያልተጨነቁት ሠዓሊዎች ናቸው ቀድመው የነቁት። ከሁሉ በፊት ስሙ የሚነሣው ዮሐን ክሪስቲያን ዳል ነው፤ በ1788 በርገን ተወልዶ በጀርመን ድሬዝደን የሥዕል መምህር የሆነ ሰው። በ1837 የሦስት ስታቭ አብያተ ክርስቲያናትን ንድፍ አሳተመ፦ የኡርነስን፣ የሔዳልንና የቦርጉንድን። የመንገዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ ቦርጉንድ ተጓዥ የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ነበር። አውሮፓ እነዚህን ሕንፃዎች ያወቃቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ዳል ከቦርጉንድ ብዙም በማይርቀው፣ ከፊለፊየል ተራራ ወዲያ ማዶ ባለው በቫንግ የሆነውንም አይቷል። የቫንግ አጥቢያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠራና አሮጌውን ለጨረታ አቀረበው። ዳል እዚያው ኖርዌይ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው ለማግኘት ለፋ፤ አልተሳካም። በመጨረሻ የፕሩሺያውን ንጉሥ ፍሪድሪሕ ቪልሔልም አራተኛን አግባብቶ በ1841 አስገዛው። ሕንፃው ተፈታ፣ በመርከብ ተጫነ፣ በርሊን ደረሰ፣ ከዚያ ሐሳብ ተለወጠና ወደ ሲሌዥያ ተራራዎች ተወሰደ፤ በ1844 እዚያ አገልግሎት ጀመረ። ዛሬ ካርፓች በምትባል የፖላንድ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በዚያው በ1844፣ ዳልም ባለበት፣ የኖርዌይን ጥንታዊ ቅርሶች የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ።

ወደ ላርዳል እንመለስ። የቦርጉንድ አጥቢያም እንደሌሎቹ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ያስፈልገው ነበርና በ1868 ሠራ። የሠራው ግን አሮጌውን አፍርሶ በቦታው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ለአዲሱ አዝናለሁ ያልኩት። ሦስት አሥረኛውን የመያዝ ሸክም ከአሮጌው ትከሻ ላይ ወርዶ አዲሱ ላይ ዐረፈ። አሮጌው ሥራ ፈታ፣ ሥራ መፍታቱም አዳነው። በ1877 የቅርስ ማኅበሩ ገዛው፤ እስከ ዛሬም ባለቤቱ እሱ ነው።

ቅጂውና ዋናው

ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥገና ዛሬ ቢሆን ክርክር ያስነሣል። ጠጋኞቹ የፈለጉት የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ ከ1537ቱ የሉተራውያን ለውጥ በኋላ የገባውን አብዛኛውን ነቅለው አወጡ፦ ወንበሮቹን፣ ትልልቆቹን መስኮቶች፣ ፎቁን። የስብከት ሰገነቱና የመሠዊያው ሥዕል ተረፉ። ዛሬ ጎብኚ ገብቶ «ስምንት መቶ ዓመት ምንም ሳይነካ የቆየ» ብሎ የሚደነቅበት ጨለማና ባዶ አዳራሽ በከፊል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምርጫ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ምእመናን የተቀመጡበት የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እኔ ቢጠይቁኝ ቢያንስ አንድ ረድፍ ወንበር ባስቀረሁ።

ቦርጉንድ ከሁሉ የተሻለ ተጠብቆ የቆየ ስለሆነ ለሌሎቹ መልክ ሰጪ ሆነ። የጎል ቤተ ክርስቲያን ከመፍረስ ተርፎ በ1880ዎቹ በንጉሥ ኦስካር ሁለተኛ ገንዘብ ኦስሎ አጠገብ ወዳለችው ቢግዶይ ሲዛወር፣ የጠፋው የውጪ ክፍሉ በቦርጉንድ አምሳል ተሠራ። ፋንቶፍት የሚባለው፣ በ1883 ከፎርቱን ወደ በርገን የተዛወረው፣ እንዲሁ። በጀርመን ሐነንክሌ በ1908 የተሠራው ቤተ ክርስቲያን መነሻው ቦርጉንድ ነው፤ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ራፒድ ሲቲ በ1969 የቆመው ደግሞ ልክ በልክ ቅጂው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰው «ስታቭሺርከ» ሲባል በዐይነ ሕሊናው የሚመጣበት መልክ የብዙዎቹ ሳይሆን የአንዱ የቦርጉንድ ነው። ሌሎቹ ብዙዎች እንደዚህ ጣራ አልደረደሩም፤ አንድ ክፍል ያላቸው ዝቅተኛና ቀላል ቤቶችም ነበሩባቸው።

ዕድሜውን በተመለከተም ቦርጉንድ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ኡርነስ በዚያው በሶግን አካባቢ ሲሆን በሃምሳ ዓመት ገደማ ይበልጠዋል፤ የሰሜን በሩም ከእሱ በፊት ከነበረ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው።

ሰኔ 6 ቀን 1992 ፋንቶፍት በሰው እጅ ተቃጠለ። ቀለበቶቹ፣ የመጥረቢያው ጠባሳ፣ ምሰሶው፣ ሁሉም ዐመድ ሆነ። በ1997 አምሳያው ተሠርቶ አለቀ፤ ሲያዩት ቆንጆ ነው፣ እንጨቱ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ በቀሩት ላይ የእሳት ጥበቃው ጠነከረ። የሀገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣንም ከ2001 እስከ 2015 በሁሉም ላይ ትልቅ የጥገና ሥራ አካሄደ፤ የበሰበሰው እንጨት የሚተካው በተመሳሳይ ፓይን ነው፣ ጠራቢዎቹም የድሮውን መጥረቢያና የድሮውን አያያዝ እንደገና መማር ነበረባቸው።

ቅጥራኑ ግን ከየትኛውም ትልቅ ጥገና ይበልጣል። የቦርጉንድ ጥቁረት ቀለም አይደለም፤ ሙጫ ከበዛበት የፓይን ሥርና ጉቶ፣ በአፈር ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ሲነድድ ከታች የሚንጠባጠበው ቅጥራን ነው። ትኩስ ሆኖ ጣራውንና ግድግዳውን ይቀባል፤ ውሃ እንዳይገባ ይዘጋል፣ ሻጋታንም ያርቃል። ያለ እሱ የተነጋገርንበት የምሰሶና የግንድ ብልሃት ሁሉ በቂ አይሆንም ነበር። ችግሩ ቅጥራን አይዘልቅም፤ ፀሐይ ያነጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ነፋስ ይበላዋል። ሰሜኑ ግድግዳ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ሲቆይ፣ ፀሐይ የሚመታው ደቡቡ ቶሎ ወደ ቡናማ ይሳሳል። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ሠራተኞች በገመድ ተይዘው ጣራው ላይ ይወጣሉ፣ ባልዲውን ከዘንዶው አንገት ሥር ያንጠለጥላሉ፣ ሰሌዳውን አንድ በአንድ ይቀቡታል። በሞቃት ቀን በበረንዳው ሥር የሚያልፍ ጎብኚ ያ የጭስና የሙጫ ሽታ ልብሱ ላይ ይቀርበታል።